ዳቦው ግማሽ ነው

ባለቤቴ በሞተች በስምንተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ወንበሩ ለዕድር ተመልሶ፣ ከዳምቦያ የመጡት ዘመዶቿም ወደየቤታቸው እንደ ሄዱ፣ አሮጊቷ ውሻችን ምግብ አልነካም አለች። ሳንባ ቀቅዬ ከቂጣ ጋር ፈትፍቼ ሳህኗ ላይ አደረግኩላት። አሸተተችው። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ቁጢጥ አለችና ፊት ፊቴን ታየኝ ጀመር። ጥቁሩ ውሻ የራሱን ድርሻ ጨርሶ የእሷንም ደገመ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጆሮውን ትነክሰው ነበር፤ ያን ቀን ዝም ብላ አየችው።

ከፍቷት ነው ብዬ ተውኳት። እኔም ከፍቶኛል፣ እኔም በወጉ ከበላሁ ቆይቻለሁ፤ ማን ማንን ይለምናል? ሳምንት ሙሉ ሰው ሲያጽናናኝ ከርሞ ቤቱ ጸጥ ያለው ገና ያን ቀን ነበር። ለቅሶ ቤት ለሚነገር ነገር ድሮም ትዕግሥት የለኝም። አንዱ “የጌታ ፈቃድ ነው” ይለኛል፣ ሌላው “እሱ ያውቃል” ይለኛል። ባለቤቴ ኩላሊቷን ስትታመም እኔ ጠበል ሳመላልስ፣ የእሷ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ደግሞ በየተራ ሲጾሙላት፣ በሁለት በኩል አንዱን አምላክ ስንለምን ከርመናል። ከሁለታችን አንዳችንን እንኳ አልሰማም። እሱ ካወቀ እኔ የምነግረው የለኝም አልኩ በሆዴ። ከዚያ ወዲያ ማማተቡንም የማዕድ ጸሎቱንም ተውኩት። እንጀራዬን ቆርሼ አፌ ውስጥ እከትታለሁ፣ አለቀ።

እኔ ሆሳዕና ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥቶ እዚሁ የቀረ ጸሐፊ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። ባለቤቴ የከምባታ ልጅ ነች፣ የዳምቦያ፤ ከአያቷ ጀምሮ ፕሮቴስታንት። ስንጋባ እናቴ ሦስት ወር አኮረፈችኝ፤ የእሷ አባት ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ሰበከኝ። ለሁለቱም አልሆነላቸውም። እሁድ ጠዋት ከአንድ በር እንወጣለን፣ እኔ ወደ ላይ እሷ ወደ ታች እንሄዳለን፣ ለምሳ አንድ ገበታ ላይ እንገናኛለን። ልጅ አልወለድንም።

ውሾቹ የእሷ ነበሩ። እናቴ ውሻ የደጅ ነው፣ ቦታውን ይወቅ እያለች ነው ያሳደገችኝ። ባለቤቴ ግን አሮጊቷን ገና ቡችላ ሳለች ከዝናብ አንስታ በነጠላዋ ጠቅልላ ቤት ይዛት ገባች። ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን በመጨረሻ አንድ ነገር ላይ ተስማማን። ውሻዋ የሳሎኑ ደፍ ላይ ትተኛለች፤ የፊት እግሮቿ ቤት ውስጥ፣ የኋላ እግሮቿ በረንዳ። አሥራ ሦስት ዓመት እንደዚያው ለሁለት ተከፍላ ኖረች፣ አንድ ቀን እንኳ ደፉን አላለፈችም። ጥቁሩ በኋላ የመጣ ነው፤ ሌባ ነው፣ ስምምነት የሚባል ነገር አያውቅም። አመሻሽ ላይ በጓሮ፣ ከእንሰቱ አጠገብ፣ ባለቤቴ ታበላቸው ነበር። እኔ የውሻ ሳህን ነክቼ አላውቅም።

አሁን ስለ ፊልሙ ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት፣ አሮጊቷ ገና ቡችላ ሳለች፣ ወደ ዳምቦያ ልንሄድ መናኸሪያ ገብተን መኪናው እስኪሞላ ስንጠብቅ፣ ሲዲ ከሚሸጥ ሰውዬ አንድ ፊልም ገዛሁ። ሽፋኑ ላይ መኪና ይነዳል፣ ሽጉጥ ይተኮሳል። ቤት ተመልሰን ስንከፍተው ሌላ ነው። ጥቁርና ነጭ፣ አሮጌ፣ በረዶ የተከመረበት አገር። አንድ ሽማግሌ ጋሪ ይገፋል፤ ከኋላው ጭራዋን በእግሮቿ መሃል የሸጎጠች ከሲታ ውሻ ትከተለዋለች። ሻጩን በኋላ ሳገኘው ተቆጣሁት። እሱ ደግሞ “ቲቸር፣ ይሄ እኮ ክላሲክ ነው” አለኝ፣ እንደ ውለታ።

ልዘጋው ስል ባለቤቴ ውሻዋን አይታ ተወው አለችኝ። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ምን እያለ እንደሆነ እንድተረጉምላት ጠየቀችኝ።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። ሽማግሌው የሚናገረው እንግሊዝኛ አልነበረም። የየትኛው አገር ቋንቋ እንደሆነ እንኳ አላወቅኩም። ባለቤቴ ግን ልብስ ሰፊ ነበረች፣ የእኔን እንግሊዝኛ ከእኔ በላይ ታምነው ነበር። ዕድሜ ልኩን ቲቸር ሲባል የኖረ ሰው ሚስቱ ፊት “አልገባኝም” ማለት ሞት ነው። ስለዚህ አፌ እንዳመጣልኝ ተረጎምኩ። ሽማግሌው ሲናገር ድምፄን አጎርንኜ እናገራለሁ፣ ሴት ስትናገር አቀጥናለሁ። ቢላ የሚስል ሰው ነው አልኳት፤ ይህን እንኳ መሳያ ድንጋዩ ሲዞር አይቻለሁ። ሚስቱ ሞታበት ቤቱን ዘግቶ ከመንደር መንደር የሚዞር ነው አልኳት። አንዲት ሴት በሯን ከፍታ ስትጮህበት፣ የሟች ሚስቱ እህት ናት፣ ‘ወንድሜ፣ አትሂድ፣ እዚህ እደር’ እያለችው ነው አልኳት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው።

መጨረሻው ላይ ሽማግሌው አንድ ባዶ በረት ውስጥ ይገባል። ከኮቱ ውስጥ ግማሽ ዳቦ ያወጣና ለሁለት ይቆርሰዋል፣ አንዱን ቁራሽ ውሻዋ ፊት ያኖራል። ውሻዋ አትነካም። ሽማግሌው አንገቱን ደፍቶ ቀስ እያለ ጥቂት ቃል ይናገራል። ከዚያ በኋላ ትበላለች፣ እሱም ይበላል፣ ፊልሙ ያልቃል።

“ምን አለ?” አለችኝ ባለቤቴ።

ጸለየ አልኳት። ምን ብሎ እንደጸለየ ጠየቀችኝ። ጥቂት አሰብኩ።

“ጌታ ሆይ፣ ዳቦው ግማሽ ነው፣ እኛ ግን ሁለት ነን። ይበቃናል። አሜን።”

ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ መልሼ እንድለው ጠየቀችኝ፣ መልሼ አልኩት።

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ ያን ፊልም ሳናይ የዋልንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሌላ ፊልም ሳመጣ እንቢ ትል ነበር። እየደከመኝ አንዳንድ ነገር ልዘል ስሞክር ትይዘኛለች፤ ባለፈው እንዲህ አላለም ትለኛለች። ምን አማራጭ አለኝ፣ የገዛ ውሸቴን ዳዊት እንደሚደግም ተማሪ ሸመደድኩት። አሮጊቷ ደፉ ላይ ተጋድማ አብራን ትሰማለች። ፊልሙ ሲያልቅ ባለቤቴ ተነሥታ ውሾቹን ልታበላ ወደ ጓሮ ትሄዳለች፣ እኔ ቴሌቪዥኑን እዘጋለሁ።

ያቺ “ይበቃናል” የምትለው ቃል ቀስ እያለች የቤታችን ቃል ሆነች። ጤፍ ሲወደድ፣ ጣራው ሲያፈስ፣ ልጅ አለመውለዳችንን ሰው በነገር ሲነካካን፣ ባለቤቴ ፈገግ ብላ “ያ ሽማግሌ ምን አለ?” ትለኛለች። በመጨረሻ ሐኪሙ ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም ሲላት፣ ከአልጋው ላይ እጄን ፈልጋ ያዘችና “ይበቃናል” አለችኝ። እኔ ግን አልበቃኝም ነበር። ዛሬም አልበቃኝም።

እንግዲህ አሮጊቷ መብላት ስታቆም እኔ በዚህ ሁኔታ ላይ ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን አንድ የእንስሳት ሐኪም አስጠራሁ። ድዷን አየ፣ ሆዷን ዳበሰ፣ አርጅታለች፣ ሐዘንም ሳይኖርባት አይቀርም ብሎ መርፌ ወጋት። የዚያኑ ቀን አመሻሽ የባለቤቴ የጸሎት ጓደኞች፣ አራት ሴቶች፣ ሊጠይቁኝ መጡና በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ጥቁሩን አስሬ የአሮጊቷን ሳህን እዚያው አጠገባቸው አኖርኩላት። በእነሱ ወገን ያለ ጸሎት የሚሆን ነገር የለም፤ ለአምስት ደቂቃ ብቅ ያለ ሰው እንኳ “እንጸልይና ልሂድ” ይላል። እነሱም ጸለዩ፤ ረጅም ጸሎት ነው፣ እኔ አንገቴን ሳልደፋ ቆሜ የጎረቤቱን ጣራ ሳይ ቆየሁ። ሸኝቻቸው ስመለስ ሳህኑ ተልሷል። ሐኪሙ ጋ ደውዬ እጅህ ይባረክ አልኩት።

በማግስቱ መልሳ እንቢ አለች። ሐኪሙ መጥቶ ደግሞ ወጋት፣ ምንም ለውጥ የለም። ያው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ያው ቁጢጥ ማለት፣ ያው ፊት ፊቴን ማየት። ሥጋ ገዛሁላት። እንቁላል ቀቅዬ ላጥኩላት፤ ለባለቤቴ እንኳ እንቁላል ልጬ አላውቅም። ክረምቱ ደግሞ የሆሳዕና ክረምት ነው፣ ሌት ተቀን ዝናብ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አጥንቷ እየወጣ መጣ፤ ውሃ ብቻ ትጠጣና ደፏ ላይ ተመልሳ ትተኛለች። በዚያ ቤት ውስጥ የባለቤቴን እጅ የሚያውቅ ሌላ ነገር አልቀረም ነበር። ይህችንም ቆሜ ልቀብር ነው እያልኩ ከሷ ትይዩ ወንበር ላይ እውላለሁ። ተናደድኩም። በማን እንደምናደድ አውቅ ነበር፤ ስሙን ግን አልጠራሁም።

እሁድ መጣ። ከምሳ በኋላ የምሠራውን ሳጣ ፊልሙን ከፈትኩት። ዝም ብዬ አየሁት። አልተረጎምኩም፤ ለማን እተረጉማለሁ? የማላውቀው ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደማላውቀው ቋንቋ ሆኖ ተሰማኝ። አሮጊቷ ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም። በረቱ ጋ ሲደርስ ግን ከልማድ ይሆናል አፌ ራሱ ጀመረው፣ በዚያው በጎርናናው ድምፅ። “ጌታ ሆይ፣ ዳቦው ግማሽ ነው” ስል ራሷን ቀና አደረገች። “እኛ ግን ሁለት ነን” የሚለው ላይ አለቀስኩ፤ ባለቤቴ ከተቀበረች ወዲህ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እንደ ምንም ይበቃናል አልኩ፣ አሜን አልኩ።

አሮጊቷ ተነሣች። እየተንገዳገደች በረንዳውን ወርዳ ወደ ጓሮ ሄደች። ተከትያት ስሄድ ጥቁሩን አስሬ ጠዋት ያስቀመጥኩት ሳህን ላይ ተደፍታ ትበላ ነበር። ዝናቡ እየመታኝ ጨርሳ እስክትልሰው ድረስ ቆሜ አየኋት።

በማግስቱ ሳህኑን አቀረብኩ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ቁጢጥ አለች፣ ፊቴን አየች። ገባኝ አልልም፤ ጠረጠርኩ። ጎረቤት በአጥር እንዳያየኝ ግራ ቀኙን ቃኝቼ “አሜን” አልኩ። በላች። በነጋታው ሞከርኩ፣ እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን አሜኑን አስቀርቼ ጠበቅኩ፤ እሷም ጠበቀች። ከሷ የበለጠ እኔ ስለቸኮልኩ ተሸነፍኩና አሜን አልኳት። ሦስት ወር ሰብኮኝ ያልረታኝ አማቴ ያን ቀን ቢያየኝ ኖሮ በሳቅ ይሞት ነበር።

ነገሩን ያስረዳችኝ የባለቤቴ ታናሽ እህት ናት። ከዳምቦያ ቆጮና ቅቤ ይዛልኝ መጣች። ውሾቹን ሳበላ ከኋላዬ ቆማ ነበር፤ እኔ አላየኋትም። አሜን ስል ሰማችኝና መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ እዚያው ጓሮ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እህቷ ለውሾቹ ሳትጸልይ ሳህን አቅርባ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ጥቁሩን ማስተማር አቅቷት ነበር፤ አሮጊቷ ግን ከቡችላነቷ ጀምሮ አሜን እስኪባል ትጠብቃለች። ያኔ ለቅሶው ሰሞን ለምን እንደበላች ገባኝ። ያን ሳምንት ግቢው ውስጥ በየሰዓቱ የሚጸልይ ሰው አይጠፋም ነበር። ሐኪሙ በመጣ ቀን ያበላትም መርፌው ሳይሆን የአራቱ ሴቶች አሜን ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ኖሬ በገዛ ጓሮዬ ምን እንደሚደረግ አላወቅኩም ነበር።

ከየት እንዳመጣችው ስጠይቅ እህቷ ነጠላዋን እያስተካከለች እንዲህ አለችኝ።

“ጋሼ፣ ከእርስዎ ነው እኮ። እኛም ቤት ስትመጣ ለውሻችን ስትጸልይ ምን ነካሽ አልኳት። ‘ባለቤቴ በተረጎመልኝ ፊልም ላይ አንድ ምስኪን ሽማግሌ ለውሻው እንኳ ይጸልያል፣ ታዲያ እኔ ከሱ ላንስ ነው?’ አለችኝ።”

 

አሮጊቷ በቀን አንድ አሜን ፈለገች፣ እኔም አልኩላት። ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ባዶ አሜን ለውሻ ይበቃታል፤ ለእኔ ግን ያሳፍረኝ ጀመር። የምን አሜን ነው? አሜን እኮ ከፊቱ የሆነ ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ የሽማግሌውን ቃል ጨመርኩበት። ቆይቶ የራሴን ጨመርኩ። መጀመሪያ ላይ ጸሎት አልነበረም፣ ክርክር ነበር። ለምን ወሰድካት እለዋለሁ፣ እኔን አትወስድም ወይ እለዋለሁ፣ ያ ሁሉ ጾምና ጠበል የት ገባ እለዋለሁ፤ አሮጊቷ ቁጢጥ ብላ እስክጨርስ ትጠብቀኛለች። ከዚያ አሜን እላለሁ፣ ትበላለች። እንዲህ እየተጣላሁም ቢሆን በየቀኑ እያነጋገርኩት እንደሆነ ያወቅኩት ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው።

እሁድ ጠዋትም ወደ ላይ መሄድ ጀመርኩ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን። አሮጊቷ እግር እግሬን እየተከተለች አስቸገረችኝ። ውሻ ቅጥር አይገባም፤ ልመልሳት ብል አትመለስም። ስለዚህ ከሷ ጋር ከበሩ ውጪ ዛፍ ሥር ቆሜ ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያ እሰማለሁ። የሚያውቁኝ ሰዎች ሲገቡ አንገታቸውን ነቅነቅ ያደርጉልኛል፣ ምናልባት ንስሐ ላይ ያለሁ መስሏቸዋል።

በበጋው መጀመሪያ ላይ ሲዲው ተፋፍቆ አልሠራም አለ። መናኸሪያ ሄድኩ። ሻጩ አሁን ሸብቷል፣ ሲዲም ትቶ በፍላሽ ፊልም የሚጭን ሱቅ ከፍቷል። ስለ ሽማግሌውና ስለ ውሻዋ ስነግረው ወዲያው አስታወሰኝ፤ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ቆይቶ አገኘው። “ያውም ከነጽሑፉ ቲቸር፣ በእንግሊዝኛ ከሥር ይጽፍሎታል” አለኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ሄድኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። መጥራቱስ ጠራ። የሽማግሌው ሚስት አልሞተችም፤ ስለሚደበድባት ጥላው ሄዳለች። በየመንደሩ የሚዞረው በሐዘን አይደለም፣ የሄደበት ሁሉ እጁ ስለማያርፍ ያባርሩታል። በሯን ከፍታ የጮኸችበት ሴት ‘አትሂድ’ አይደለም የምትለው፤ ‘ሌባ’ ነው የምትለው። ግማሹን ዳቦ የወሰደው ከእሷ መስኮት ላይ ነው። እንግሊዝኛውን እያነበብኩ ፊቴ በእፍረት ጋለ፤ ሳሎኑ ውስጥ ከእኔና ከውሻዋ በቀር ማንም አልነበረም።

በረቱ መጣ። ዳቦውን ቆረሰ፣ ቁራሹን ውሻዋ ፊት አኖረ፣ አንገቱን ደፋ፣ ቀስ እያለ ተናገረ። ከሥር የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት።

አንድ። ሁለት። ሦስት። ብዪ።

መልሼ አየሁት። ያው ነው። ውሻዋን ለሰርከስ እንደሚያስተምር ሰው ሦስት እስኪል ድረስ ያስጠብቃታል፣ ሌላ ምንም የለበትም። ባለቤቴ እጄን ይዛ ያለችው ቃል በዚያ ፊልም ውስጥ የለም። እግዚአብሔርም የለበትም። እኔ ከአፌ አውጥቼ የሰጠኋትን፣ ያውም አላውቅም ማለት አፍሬ የሰጠኋትን ነገር ይዛ ሞተች። ቴሌቪዥኑን ዘጋሁ። እንደዚያን ቀን ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

አመሻሽ ላይ የባለቤቴ እህት ጋ ደወልኩ። ለማን እናዘዛለሁ? ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት፤ ቋንቋውን እንደማላውቀው፣ ሁሉንም እንደፈጠርኩት፣ ሽማግሌው ሌባ እንደሆነ፣ ጸሎት እንዳልነበረ። 

“ውሻዋ በልታለች?” አለችኝ።

ገና አላበላኋትም አልኳት።

“እንግዲያውስ ይሂዱና ያብሏት፣ ጋሼ።”

 ሄድኩ። ሳህኑን አቀረብኩ። አሮጊቷ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ቁጢጥ አለች። እንደዚያን ቀን ረጅም ጊዜ አስጠብቄያት አላውቅም። የሽማግሌውን ቃል ልል አፌን ስከፍት፣ ይህ ቃል ከእንግዲህ የሽማግሌው እንዳልሆነ ታወቀኝ። ያን ጸሎት ከእኔ በፊት የተናገረው ሰው የለም። ባለቤቴ ተቀብላኝ ቀሪ ዕድሜዋን ሁሉ በየምሽቱ ጸልያዋለች፤ እኔ ስናገረው ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ከልቤ አላልኩትም። ያን ቀን አልኩት። ቀለለኝ ብል ውሸት ይሆንብኛል፣ ውሸት ደግሞ በቅቶኛል። ማታ ግን እንቅልፍ ወሰደኝ።

አሮጊቷ በጥር ሞተች። ጠዋት ስነሣ ደፏ አጠገብ ነበረች፤ ግን ሙሉ በሙሉ ገብታ ነው የሞተችው፣ አራቱም እግሮቿ ሳሎን ውስጥ። እናቴ ይቅር ትበለኝ፣ ሳነሣት ደስ አለኝ። ከእንሰቱ አጠገብ ትበላበት የነበረው ቦታ ላይ ራሴ ቆፍሬ ቀበርኳት። ለውሻ አይለቀስም ይባላል፣ እኔ አልቅሻለሁ። ለማን እንደሆነ አልለየሁትም።

የዚያኑ ቀን አመሻሽ የጥቁሩን ምግብ ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሳህኑ ገና መሬት ሳይነካ ጀመረው። እሱ አሜን አያውቅም፣ አይጠብቅም፣ ማንም አላስተማረውም። በዚህ ቤት አሜን ካልተባለ የሚራብ ፍጥረት ከእንግዲህ የለም። ብተወው ማንም አያውቅብኝም ነበር። ጥቁሩ ሳህኑን ልሶ አፉን እያበሰ ወደ ውጪው በር ሄደ። እኔ ባዶው ሳህን ጋ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።

“ጌታ ሆይ፣ ዳቦው ግማሽ ነው፣ እኛ ግን ሁለት ነን” አልኩ። ቀሪውንም እስከ አሜን ድረስ አልኩት፣ ሳህኑን አነሣሁና ለነገ አጠብኩት።